ረዳት

ጉሙ ከጣርማ በር ቁልቁል ተንከባሎ
ክፍላችን ይገባል፣ «እንዴት አደሩ» ብሎ።
ስድስት ወንበር አለ፣ አንዱ እግሩ የላላ፣
ስድስት ልጆች አሉ፣ እኔ ከነሱ ኋላ።
መምህርት ሽታዬ ከሰሌዳው ቆማ
ፊደል ስታስቆጥር በጠመኔ ግርማ፣
እኔ ከወለል ነኝ፣ በጉልበቴ ከርሜ፣
የፈሰሰ አድርቄ፣ የወደቀ ለቅሜ።

መናኸሪያው ጥግ ላይ ቆሎ የምትሸጥ ሴት
ሥራዬን ጠይቃኝ ብላት «ነኝ ረዳት»፣
ሳቀች፦ «የየትኛው? የአጣዬው አውቶቡስ?
ወንበር ያዢልኛ ሸዋ ሮቢት ድረስ!»

እውነቷን ነው ደግሞ። እኔም ተሳፋሪ
አለኝ፣ «ወራጅ» የማይል፣ የመስኮት ዳር ኗሪ።
ስሙ ልሳኑ ነው። (ስም አወጣጥ ሲከፋ!)
ዘጠኝ ዓመት ሞላው ከንፈሩ ሳይተፋ
አንዲት ቃል። ጠዋት ግን፣ ጣቱን ብርድ ሲያደርቀው፣
መዳፌ ውስጥ ከትቼ፣ እፍ ብዬ የማሞቀው
እኔ ነኝ።
ቁልፉን ግን አልቆልፍለትም።
ሦስት ወራችን ነው በአንዲት የሹራብ ቁልፍ፤
እሱ ይታገላታል፣ እኔ ቆሜ ሰዓት ሲያልፍ።
«ቁጭ ብላ ደሞዟን ትበላለች» ይሉኛል፤
እጅን ኪስ ውስጥ አስሮ መቆም ይከብደኛል
ከመሸከም በላይ።

ትላንት ከወረዳ አንድ ቅጽ መጣልን፦
«የሥራ ድርሻሽን ዘርዝረሽ ሙይልን»።
የመጨረሻው ረድፍ ቀድሞ ተጽፎበታል፦
«ከቅርብ ኃላፊው የሚሰጡትን ሌሎች ተግባራት ያከናውናል»።
ወንድም አድርጎኛል።

ሌሎች!
እዚያች ቃል ውስጥ ገብቶ ስንቱ ተጨናነቀ፤
የትርንጎ ምራቅ ካገጯ ያልደረቀ፣
ሰይፉ ጆሮውን ይዞ ጠረጴዛ ሥር ሲገባ
ሰማዩ ሲያጉረመርም፣
አብሬው የምገባ፤
እናት ከበሩ ላይ «ዛሬስ ተናገረ?»
ስትለኝ «ነገ» ማለት፣ ነገም እያደረ።
ይኼ ስንተኛው ተራ ቁጥር ነው?

ብዕሬን አነሳሁ። አልጽፍም አለ፣ በርዶታል።
ወረቀቱን ፈገፈገው እንጂ
አንድ ነጥብ እንኳ አልወጣውም።
በዚህ ውርጭ እስክሪብቶም ይደነዝዛል።

ልሳኑ
ከመስኮቱ ዞረ።
አየኝ። ደግሞ እጄን አየ።
ብዕሩን ነጠቀኝ፤
መዳፉ ውስጥ ከቶ አሸው፣ አሸው፣ አሁንም አሸው፣
አፉ ድረስ አስጠግቶ
እፍ አለበት።
ትንፋሿን አወቅኋት፤
የኔው ናት፣ በየጠዋቱ ያበደርኳት።

ቀለሙ ተፈታ።
ከሰፊው ሣጥን ውስጥ አንድ ቃል ጻፍኩበት፦
ረዳት።

የወረዳው ሹም የመደብ ስም ነው ብሎ ማኅተም ይምታበት።
እኔ ስጽፈው ግስ ነበር፤
ማን፣ ማንን ብሎ ለሚጠይቅ
ምስክሬ መስኮት ዳር ተቀምጧል፣
ሹራቡን ይዞ፣ አንገቱን ደፍቶ።

ቁልፏ አሁንም አልገባችም።