ቤት የሰፋቸው

(ስቴይንቮር፣ የአይስላንድ አዋላጅ)

ውርጭ አጥንት ሲሰብር፣ አንድ ሌት በታኅሣሥ፣
ከስውሮቹ አንዱ መጣ፣ ድምፁ ከቅጠል የሚያንስ፤
«ምጥ ይዟታል» አለኝ፣ «ከዓለት ውስጥ ነን እኛ፤
ማዋለድ ረሳን፤ ሙያው ከኛ ተኛ።»
ፋኖሴን አነሣሁ። ዓለቱ ተረታ፣
እንደ እርጎ ለማንኪያ፣ ያላንዳች ኮሽታ።

ውስጡ አዳራሽ ነበር፣ ጣራው ሰማይ ያህላል፤
በየዓምዱ ራስ ግን ሸረሪት ያደራል።

«ድንጋይ በዜማችን እንደ ሰም ሲለዝብ፣
ከሰሜን ብርሃን ላይ ሐር ስንሰበስብ፣
ባሕር ፈቃድ ይሻ ነበር ሊናወጥ፤
ሞትም ሩቅ ሲያየን መንገድ ነው የሚለውጥ።
ጦር መስሎሽ የጣለን? ማንም አልደፈረን።
ዕድሜ ነው፣ መትረፉ፣ ቀስ ብሎ የሰበረን፤
‹ነገ› አልን ለሠርግ፣ ‹ነገ› አልን ለልጅ፣
‹ነገ› አልን ለዕርቅ፣ ደጅ ለጠና ወዳጅ፤
መኖር የሰለቸው እንደተቀመጠ፣
ሳይሞት፣ ድንጋይ ሆኖ፣ ከስሙ አመለጠ።
አራት መቶ ክረምት ሕፃን ሳያለቅስ፣
ቤቱ ሰፋን፣ እህቴ፣ ስናንስ፣ ስናንስ።»

ሴት ልጅ ተወለደች። ጩኸቷን ስትለቀው፣
ዓምዱ ሁሉ ደነገጠ፣ ድምፁን ስላላወቀው።
እናት ተጨነቀች፦ «እሹሩሩው ጠፋኝ» አለች፤
ተራራ ያቀለጠች፣ ለልጇ ቃል አጣች።
እኔ የዓሣ አጥማጅ ልጅ፣ ድምፄ እንደ ጨው ሻካራ፣
እናቴ መረብ ስትጠግን የምትላትን ተራ
ዜማ አንጎራጎርኩላት።

የተቀመጡት ዓለቶች ዕንባ አቀረሩ።

ዛሬ መንገድ ቀያሽ፣ ካርታውን ዘርግቶ፣
«ይፈነዳል» አለኝ፣ ቀይ ቀለም ቀብቶ፤
«ባዶ ነው» ይለኛል። ምን ብዬ ልንገረው?
ከውስጥ የእናቴን ዜማ አንዲት ልጅ እያለችው ነው።