ቅፍለት

ሰኞ ነው በባቲ። ከግመል ተራው ዳር
ከክሊኒኩ ደጅ ቆሟል አንድ አፋር፤
ሁመድ ያዮ ይባላል። የሚስባት ግመል
ሻኛዋ ተኝቷል፤ ለቅጠሉም ቸል።
«ውሃስ ትጠጣለች፤ ሥጋዋ የት ሄደ?»
አለኝና ዓይኑ ወደ ቆላ ነጎደ።

ጆሮዋን ወጋሁት። አንዲት ጠብታ ደም
በመስታወት ጠርዝ ገፋኋት፣ ሳስታ እስክትዳከም፤
አደረቅኋት፤ በጊምሳው ሰማያዊ ነከርኋት፤
ግማሽ ሰዓት ጠበቅሁ፤ በቀስታ አጠብኋት።
መብራት የለም ዛሬ። ትናንትም አልነበር።
የማይክሮስኮፑን መስታወት አዞርሁት ወደ በር፤
ፀሐይ ከገበያው፣ ከአቧራው መሐል፣
ታጥፋ ገባችልኝ፤ ለሥራ ይበቃል።

ከሚሴ፣ ዘጠነኛ «ለ»። ጥቁሩ ሰሌዳ
አንድ ክብ ተሥሎበት፣ እንደ ሰው ቤት ጓዳ፤
መምህር ሙሄ በጠመኔ እየነኩ፦
«ገለፈቱ በር ነው፣ መርጦ የሚያስገባ፤
ሳይቶፕላዝሙ ይሄ፣ ወፈር ያለ ሾርባ፤
ራይቦዞም ፕሮቲን ሲፈትል ሲገምድ፣
ጎልጂ ጠቅልሎ በየአድራሻው ሲሰድ፤
ላይሶዞም አሮጌውን አላምጦ ሲያፈርስ፣
ሚቶኮንድሪያ ስኳር አቃጥሎ ጉልበት ሲያደርስ፤
መሐሉ አስኳል ነው። ሹም ነው። ባለ መዝገብ።
ያለ እሱ ማን ያዛል? ማን ለማን ያስብ?»

እኔም ጻፍሁ። አሥር ከአሥር አገኘሁ። አመንሁ።

አሁን ግን ከሌንሱ ሥር የግመሏ ደም፣
ሞላላ ሞላላ፣ እንደ ቴምር ፍሬ፣ ክብ አንድም የለም፤
ከቀዮቹ መሐል አስኳል ያለው ጠፋ።
ገና መቅኔ ሳሉ ነው ሹሙ የተገፋ፤
ሚቶኮንድሪያውም ወጥቷል ከነጓዙ፤
ቦታው ለጭነት ነው፣ ኦክስጅን እንዲይዙ።
ቀይ ህዋስ ይህ ነው፦ አዛዡን ያጣ፣
የማይወልድ፣ ቢቀደድ ራሱን የማይጠግን፣
ግን ሦስት አራት ወር፣ ከሳንባ እስከ ሻኛ፣ እየሄደ የሚመጣ።
መምህር ሙሄ ይህን አላሉንም።
ረስተውት ይሆን? ወይስ ሰሌዳው አልበቃም?

«ልየው» አለ ሁመድ። ወንበሬን ለቀቅሁ።
ሽርጡን ሰብስቦ አንድ ዓይኑን ጨፈነ፤ እኔ ትንፋሼን ዋጥሁ።
ብዙ ዝም አለና፦ «ቅፍለት ነው» አለ።
«ጨው የጫነ ቅፍለት። መሪው ግን የታለ?»
«መሪ የለውም» አልሁት። ሳቀ። «እንግዲያ መንገዱን ያውቃል፤
መንገድ ያወቀ ግመል በገመድ ለምን ይሳባል?»

ስለ ውሃው ነገርሁት፦ የፍየል ቀይ ህዋስ
ንጹህ ውሃ ቢገባ፣ ገለፈቱ ተነፍቶ እንደሚበጣጠስ፤
ግመል ግን አሥር ቀን ጠምቷት፣ ጉድጓድ ስትደርስ፣
ጠጥታ ጠጥታ፣ ያ ሁሉ ውሃ ደሟ ውስጥ ሲፈስ፣
ህዋሷ እጥፍ ያብጣል፤ ይከባል፤ አይፈነዳም።
«ይሄማ» አለኝ «ለአፋር ልጅ አዲስ ነገር አይደለም።»
ሚቶኮንድሪያን ልጅ ከእናቱ ብቻ ይወርሳል አልሁት፤
«እኛም ግመልን በእናቷ ነው የምንጠራት፤
ይሄንስ ከኛ ነው የሰማችሁት።»

ድንገት ዝም አለ። «ይሄስ ምንድን ነው?»
ከቴምሮቹ መሐል አንድ ክር፣ ሐምራዊ፣ የተጠማዘዘ፣
የራሱ አስኳል ያለው።
ሥጋዋን የበላው ይሄ ነበር። ሁሉ የተሟላለት፦
ሹም አለው፣ ጅራት አለው፣ የራሱ ምድጃ አለው፤
የሌለው ጭነት ነው።

መርፌውን ወጋኋት። ለሰኞ ተቀጣጠርን።
«ከቅፍለቱ ስንቱ ይተርፋል?» አለኝ ደጁ ላይ።
አላውቅም አልሁት። መቅኔዋ ሌላ እየላከ ነው፤
የቱ እንደሚፈጥን እንጃ።

ፀሐይ ከበሩ ዞረች፤ መስታወቱ ጨለመ።
ቀና ስል፣ ሁመድ ገመዱን ትከሻው ላይ ጥሎታል፤
ግመሏ ከኋላው ትሄዳለች፣
ወይም ከፊቱ ናት፤
አቧራው ከልሎኝ አለየሁም።