ሁለት ለአንድ

ታሊን፣ የጥር ሌሊት፣ ስምንት ሰዓት ሲሆን፣
ወደቡን ውርጭ ይዞት፣ ነጭ አድርጎ ውሃውን፣
ስሙን ያልለየነው አንድ የጭነት መርከብ
መልሕቁን ጎተተ በባሕሩ ልብ፤
ገመዳችን ተበጠሰ። ሳሬማ፣ ደሴቷ፣
ብቻዋን ቀረች፣ ከነመዝገብ ቤቷ።

ሦስት ነበሩ ማሽኖች፣ አንድ ቃል ጠባቂ፤
አንዱ ሲጽፍ ሌላው ሰሚና አጽዳቂ፤
ታሊን እኔ ዘንድ፣ ፓርኑ ወደ ደቡብ፣
ሦስተኛው ደሴት ላይ፣ ከማዕበል አጠገብ።
እኔ ተረኛ ነኝ። ሻይዬ ቀዝቅዟል።
ስክሪኑ ላይ ቀይ መብራት ብልጭ ድርግም ይላል።

ስቶክሆልም በሚሻገር መርከብ፣ በርካሽ ዋጋ፣
ቀርቶ ነበር ያኔ አንድ፣ አንድ ብቻ አልጋ፤
አራት መቶ አሥራ ሰባት፣ ከሞተሩ በላይ፣
መስኮት የሌለው፣ ባሕሩን የማያሳይ።

ታሊን ፓርኑን ጠየቀ፤ ፓርኑም "ይሁን" አለ፤
አልጋው በኬርሊ ስም፣ በነርሷ፣ ዋለ።
ደሴቷም ጠየቀች፤ መላሽ ግን አጣች፤
ዝም ማለት ሲገባት፣ ደፍራ "ይሁን" አለች፤
ያንኑ አልጋ ሸጠች ለሽማግሌው ለኡርማስ፣
ወንድሙ ሞቶበት፣ ለቀብሩ ሊደርስ።

ደንቡን ያላላሁት እኔው ነኝ፣ ባለፈው መኸር፤
"ሱቁ እንዳይዘጋ" ብዬ፣ ሰው እንዳይማረር።

ሲነጋ ተገናኙ፣ በሌላ መስመር ዞረው፤
ለአንድ አልጋ ሁለት ሰው፣ ሁለት እውነት ይዘው።
"በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል"
ይላል ያገሬ ሰው፤ እዚህ የተጻፈም ይፋቃል።
ሁለት ለአንድ ነው ሕጉ። መዝገቡን ከፈትኩ፣
ገመዱ ሳይበጠስ ካለው መስመር ጀመርኩ፣
አንድ በአንድ ደገምኩት የሆነውን ሁሉ፣
ታሊንና ፓርኑ አብረው እንደሚሉ፤
የኡርማስ መስመር ላይ ስደርስ ግን ቆምኩኝ፤
ጣቴ ቁልፉ ላይ አልወርድም አለኝ።

ከዚያ ወረደ።
ሦስቱም አንድ ሆኑ። መብራቱ አረንጓዴ።

ማሽን ወደ ኋላ ይመለሳል። ኡርማስ ግን
ጥቁር ሱፉን ለብሶ፣ ጫማውን ወልውሎ፣
ድመቱን ለጎረቤት፣ "እስክመለስ" ብሎ፣
አውቶቡስ ላይ ነበር ስደውልለት።
ስለ ሦስቱ ማሽኖች እየፈራሁ ባስረዳው፣
"ታዲያ ያመነኝ" አለ፣ "አንደኛው ብቻ ነው?"

መልስ አልነበረኝም። መዝገቡ ልክ ነው።

ሌሊቱን በወንበር ተሻገረ አሉኝ፣ ከመተላለፊያው።

ደንቡን መልሼ አጠበቅኩ። ዛሬ ገመድ ቢበጠስ
ደሴቷ ዝም ትላለች።
ሱቁ ይዘጋል። ሰው ይማረራል።
በደብተሬ ጀርባ ግን፣ በእርሳስ፣ አንድ መስመር አለ፤
አልጋ አራት መቶ አሥራ ሰባት፣ ኡርማስ፤
ከማንም ጋር የማይስማማ፣ አራተኛ ቅጂ።