የሳጥኑ ማጠፊያ

በአራተኛው ምሽት ክዳኑ ወደቀ፣
የማካሬናን ጣት ከጠርዙ አጣበቀ፤
ተመልካቹ ግን «እንዴት ያለ ሞት ነው!» ብሎ አደነቀ።
እሷም ሞታለችና አልጮኸች፤
መጋረጃው እስኪዘጋ ጥርሷን ነክሳ ጠበቀች።

ጥፍሯ ጠቆረ።
ሳጥኑን የሠራሁት እኔ ነኝ፤
ከመርከብ ጣውላ የቆረጥሁት፣ ባረጀ ማጠፊያ ያሰርሁት።
የብሎኑም ጫፍ ወደ ውስጥ አፍጥጦ፣
ቀሚሷን ይቀድ ነበር፣ አንዳንዴም ጀርባዋን ቧጥጦ።
ማንም አልወቀሰኝም።
ያ ነው እንቅልፍ የነሳኝ።

ሰኞ ትያትር የለም። ሰኞ ዝናብ ነበረ፤
የቫልፓራይሶ ደረጃ ሁሉ ጎርፍ ሆኖ ወደ ወደቡ ይወርድ ነበረ።
ከሱቅ ሱቅ ዞርሁ፤
ብረት ሻጩን ሁሉ በየተራ ጠየቅሁ፦
«ሲዘጋ የማይቸኩል ማጠፊያ አላችሁ?»
አንዱ ሳቀ።
አንዱ የበር ሰጠኝ፣ እንደ በር የሚጮኽ።
አንዷ የወጥ ቤት ቁም ሳጥን ማጠፊያ አወጣችልኝ፤
በእጄ መዘንሁት፣ ለሰሀን እንጂ ለጣውላ አልተሠራም፣ መለስሁላት።

በመጨረሻ፣ ከዓሣ ገበያው ጀርባ፣
የዶን ዌንሰስላዎ ሱቅ፤ ጠባብ፣ ዝገት ዝገት የሚል።
ግድግዳው ሁሉ መሳቢያ፤ በየመሳቢያው ግንባር ላይ
በውስጡ ካለው ዕቃ አንድ አንዱን በሽቦ አስሮበታል፦
ዳዶ፣ ሮንዴላ፣ ቪቴ፣ ከምስር የማትበልጥ ሞላ።

«ለየትኛው በር ነው?» አለኝ፣ ቀና ሳይል።
«ለበር አይደለም። ለሬሳ ሳጥን።»
እጁ መሳቢያው ላይ ቀረ።
«ሟቹ ማነው?»
«አልሞተችም። የምትሞተው ማታ ማታ ነው፣
ከማክሰኞ እስከ እሑድ። እሑድ ሁለት ጊዜ።»

አልሳቀም። መነጽሩን አውልቆ
በራሱ ጣት ላይ ለካልኝ፦ «እዚህ ድረስ?»
«እዚያ ድረስ።»
የእሱም የግራ አመልካች ጣት ከመሐል የለም፤
የቱ መርከብ፣ የቱ ገመድ እንደወሰደው አልጠየቅሁም።
ወደ ጓዳ ገባ። ሲያንኳኳ፣ ሲጥል፣ ሲሳደብ ሰማሁት።
በጋዜጣ የተጠቀለለ ነገር ይዞ ወጣ፦
ከተሰበረ ፒያኖ ክዳን የተነቀለ ነሐስ፣
ውስጡ በዘይት የሚተነፍስ፣
ሲለቁት እንደ ሽማግሌ የሚቀመጥ፤ እያሰበ፣ ጉልበቱን ይዞ።
ቆብ ያላቸው ዳዶዎችም ጨመረልኝ፣ ዐሥራ ሁለት፤
«የብሎን ጫፍ ራቁቱን አይተውም» አለ፣ «ሰው በሚገባበት ቤት።»
ዳዶውን አስከፈለኝ። ለማጠፊያው ግን፦
«ያች ልጅ ስትሞት ልያት። አንድ ወንበር።»

ሌሊቱን ሠራሁ፤ ካቻቪቴ በእጄ፣ ቪቴ በጥርሴ።
ጠርዙን በሞረድ አለዘብሁ፣ አፉን በብስክሌት ካላማዳሪ ለበጥሁ፤
ከዚያ ገብቼ ተጋደምሁ፣ ክዳኑን ለቀቅሁት በራሴ።
ጨለማው ቀስ ብሎ መጣ። ጣቴን ጠርዙ ላይ አኖርሁ።
ጎማው ሳመኝ፤
ከዚያ በላይ አልተጫነኝም።

ማክሰኞ ጠዋት አዘጋጁ ኤሌውቴሪዮ ተቆጣ፦
«ድምፁስ? ያ ድምፅ ነበር የሰውን ነፍስ የሚያወጣ!»
እውነቱን ነው። ያለ ድምፅ፣ ሞት ቁም ሳጥን መዝጋት ሆነ።
እናም ተስማማን፦ ከመጋረጃው ጀርባ
ሁለት ጣውላ ይዤ እንበረከካለሁ፤
ክዳኑ ሲያርፍ አጋጫቸዋለሁ።
ድምፁ የእኔ ነው። ክብደቱ የማንም።

ረቡዕ ሽማግሌው መጣ፣ ሱፍ ለብሶ፣ ጢሙን አበጥሮ።
ጣውላው ጧ ሲል አዳራሹ ደነገጠ፤ አንዲት ሴት ስቅስቅ ብላ አለቀሰች።
እሱ ብቻ ዐይኑን ጨፍኖ፣ ጆሮውን አዘንብሎ፣
ከጧታው ሥር ነሐሱ ሲተነፍስ ያዳምጥ ነበር።

«ጣት ሁሉ እኩል አይደለም» ይባላል። ይሁን።
ማካሬና ግን ማታ ማታ
ከሞት ተነሥታ፣ ለጭብጨባው ከመውጣቷ በፊት፣
በጨለማው ወደ እኔ ዞራ ሁለት እጇን ትዘረጋለች፤
እኔም እቆጥራለሁ፤
ያንን አንዱን፣ ጥፍሩ ገና ግማሽ የበቀለውን፣ ጨምሬ።