ከቁርጭምጭሚት በላይ

ናይፍ ገበያ ውስጥ፣ ከሽቶ ቤቱ አጠገብ፣
አርብ ከሰዓት በኋላ፣ ሙቀቱ ሲረግብ፣
ግራ እግሬን እያነከስኩ ገባሁ ጫማ ልገዛ፤
ጦይባ ከኋላዬ፣ ምክሯን እንደ ዘንቢል ይዛ።

«ይሄ የወንድ ጫማ፣ የኳስ አይደል ወይ?
ወርቅ አይሻልሽም? ሲጎድል የሚሸጥ፣ ሲሞላ የሚታይ።»

እውነቷን ነው ጦይባ።
ወርቅ ግን ደረጃ ላይ አይደግፍም እግር፤
የኔ ኑሮ ደግሞ ደረጃ ነው፣ ከሰባት እስከ ምድር።
ባለፈው ረመዳን፣ ሦስተኛው ፎቅ ላይ፣ ሳሙናው አንሸራቶኝ፣
ባልዲው ቀድሞ ወረደ፣ እኔን አስከትሎኝ።
ሱፐርቫይዘሩ መጥቶ ስለ ውሃው ጠየቀ፣
ሊፍቱ ውስጥ ገብቶ እንደሆን።
ስለ እግሬ ዝም አለ።
እኔም ዝም አልኩ፤ የሥራ ቀን ነበር።

ሻጩ ፊሊፒኖ ነው፣ «ሮሜል» ይላል ደረቱ ላይ፤
ሦስት ጫማ ደረደረ፣ ቁመታቸው እንዲታይ።
አጭሩን ለካሁት፤ እንደ ወሬ ቀለለኝ፣
የሚያመኝ ቦታ ግን ባዶውን ቀረብኝ።
ረጅሙን ለካሁት፤ እንደ ካፊሌ ያዘኝ፣
ማሰሪያው አያልቅም፣ ሙቀቱ ነዘነዘኝ።
መካከለኛውን አመጣ፤ ነጭ፣ ጎኑ አረንጓዴ፤
ከቁርጭምጭሚቴ በላይ ሁለት ጣት ያህል ወጥቶ ቆመ።

«ነጭ ለየዕለቱ? በሳምንት ያድፋል!»
«በእኔ እጅ» አልኳት፣ «ከሁሉ ነገር ሳሙና ይተርፋል።»

ሮሜል ተንበርክኮ ማሰሪያውን ሳበ፣
ጫፉን በአውራ ጣቱ ጫን አደረገና
«እዚህ ጋ ያምሻል?» አለኝ።
ስምንት ዓመት ሙሉ እዚህ አገር ስኖር
እግሬን ሰው ሲጠይቀው ይህ የመጀመሪያ ነበር።

«የት ቦታ ነው የምትጫወቺው?» አለ ደግሞ ቀና ብሎ
(እሱ አርብ አርብ ማታ ይጫወታል፣
ከመኪና ማቆሚያው ጀርባ፣ ቀለበት ሰቅሎ)።
«ደረጃ ላይ» አልኩት።
ሳቀ። ጦይባም ሳቀች። መቶ አሥር ድርሃም አለኝ፤
በዘጠና ጨረስን፣ ካልሲ መረቀልኝ።

ቅዳሜ ማለዳ ነው። ሰባተኛው ፎቅ ጨለማ።
እርጥቡ እብነ በረድ ላይ ጫማው እንደ ጫጩት ጮኸ፤
ደነገጥኩ፣ ሰው የነቃ መስሎኝ።
ዞር ብዬ አየሁ፦ ክብ ክብ ያለ ዱካ
ይከተለኛል ከኋላ፤ የኔው ነው ለካ።

እያጠፋሁት ወረድኩ፣ ከስድስት ወደ አምስት፣ ከአምስት ወደ አራት።
ሦስተኛው ፎቅ ላይ፣ እዚያው የወደቅኩበት፣
አንዷን፣ የግራዋን፣
መወልወያውን አንስቼ አለፍኳት፤
ትድረቅ ብዬ ተውኳት።