የማታ ቆጠራ

ጦይባ፣ አትቆጪኝ፣ ገበታ ላይ ብቆጥር፣
ልጆቹን በጣቴ፣ ከትልቁ ብጀምር።
እጄ ነው የለመደው፣ ምላሴ ነው የባሰው፤
አሥራ ሰባት ዓመት ሙሉ፣ ማታና ጧት ቆጥሮ ሰው።

ደሴ ጉሟን ተከናንባ፣ ጦሳ ከነግንባሩ ጠፍቶ፣
ከማማው ስወርድ ማለዳ፣ ብርዱ አጥንቴ ድረስ ገብቶ፣
ሚኒባሱ ፒያሳ ላይ ቆሞ፣ ሾፌሩ «ሞላ?» ሲል
«አሥራ ሁለት፣ ልክ ነው!» የምለው እኔ ነኝ፣ ከኋላ ወንበር።
ሰው ዞሮ ያየኛል።

ዳቦሽንም ለሁለት ገምሼ ብርሃን ላይ የማየው
ተጠራጥሬሽ አይደለም፤
ምላጭ ፍለጋ ነው፣ ሲም ካርድ ፍለጋ።
የስንቱን እናት ወጥ በሽቦ ስወጋ፣ ስወጋ፣
ጣቴ ቤቱን ከወህኒው በር መለየት አቃተው።

እነሱ ቀን ይቆጥራሉ፣ ቀን እየጎደለ ያልቃል፤
እኔ ሰው እቆጥራለሁ፣ ሰው ግን ሲነጋ ይሞላል።

አንድ ቀን ብቻ ጎደለ።
ሙሄ ይሉታል፣ የወግዲ ልጅ፣ በድንበር ጠብ የገባ፣
ፊሽካዬን ሰምቶ ከሁሉ ቀድሞ የሚሰለፍ።
ኅዳር ነበር። ሁለት መቶ አሥራ አራት ብዬ ፈረምሁ፤
ሲነጋ ሁለት መቶ አሥራ ሦስት።
ከዚህ በላይ አልነግርሽም።
አለቃው መዝገቡን ገልጦ «ቁጥሩ አይገጥምም» አለኝ፤
«አይገጥምም፣ ጌታዬ» አልሁት።
ጓደኞቼ «አብሽር» አሉኝ፣ ሻይ ጋበዙኝ።

እናቱ ሳትሰማ መጣች፣ በሶ በጨርቅ ቋጥራ።
በሩ ላይ ነበርሁ፤ ነገርኋት።
ዓይኔ አልራሰ፣ ድምፄ አልሻከረ፤
ቋጠሮዋን ስመልስላት ግን፣ ወላሂ ጦይባ፣
አስቀድሜ ፈተሽሁት።

ያለቀስሁት በሌላ ቀን ነው፣ ሰኞ ገበያ፣ ቃሪያ ልገዛ ሄጄ፤
አንድ ሰውዬ አህያውን ከግንድ ሲፈታ፣
ገመዱን በክንዱ ጠቅልሎ «በል ሂድ» ሲለው።
ቃሪያውን ሳልገዛ ተመለስሁ። አንቺ ተቆጣሽ።

«እረፍት ውሰድ» ይለኛል የጤና ጣቢያው ልጅ።
ከየትኛው መጋዘን? በማን ፊርማ?

ዛሬም ተረኛ ነኝ። መለዮዬን አቀብዪኝ።
ሦስቱ ልጆች ተኝተዋል፣ አንቺ — አራት፤ ልክ ነው።
በሩን ልስብ ስል ሀያት ከብርድ ልብሷ ውስጥ
«አባዬ፣ ራስህን ዘለልህ» ትለኛለች።
ዋርድያ በቆጠራ አይገባም፣ ልላት አፌን ከፍቼ —
መልሼ ከአንድ እጀምራለሁ።