እርማት

ከማዘጋጃ ቤት ቁልቁል፣ ቸርችልን ስትወርድ፣
በላስቲክ ድንኳን ሥር፣ በቅዳሜ ውርርድ፣
ምንተስኖት ቆሟል፣ የሣር ባርኔጣ አጥልቆ፣
አምስቱን የግንብ ችንካር ጠመንጃ አስታጥቆ።
«የካውቦይ ውድድር! ዐሥር ጣሳ በዐሥር!
ፈጥኖ የጨረሰ አንድ ጠቦት ያስር!»

ደግፌ ነው ያመጣኝ። ጡረታ ከወጣን፣
ከዳማ ጠረጴዛ ሌላ ቦታ አጣን።
«ምረጥ» አለኝ፣ «ምረጥ፣ ሒሳቡ በእኔ ነው፤»
የእሱስ ልብ ሄዷል በሚያብለጨልጨው፦
ሰደፉ ዋንዛ፣ አፈሙዙ ኒኬል፣
ገና ሳይተኩሱበት ፎቶ አንሡኝ የሚያስብል።

አንደኛውን ሞከርኩ፤ ሰደፉ ረዘመ፣
አንገቴን ጎትቶ ትከሻዬን አሳመመ።
ሁለተኛው ከበደ፤ አፈሙዙ ዘመመ።
ሦስተኛው ጉልበተኛ፣ ሞላው የበረታ፣
አንድ ጣሳ ጥሎ ትንፋሽ የሚያስፈታ።
ምንተስኖት ደነፋ፦ «ዝሆን ነው የሚጥል!»
እኔ ጣሳ እንጂ ዝሆን መች ልጥል፣
ዝሆን ከመጣማ፣ በደጎል አደባባይ በኩል ነው የምኮበልል።

ከጥግ አንዲት አለች፣ ቀለሟ የፈዘዘ፣
ሰደፏ በጥቁር ፕላስተር የተያዘ፣
ከምላጯ በታች ቀለበት እጀታ፣
ወደ ፊት ሲገፏት እርሳስ የምትጎርስ በእርጋታ።
ገፋሁ፣ መለስኩ።
ቀጭ ቋ አለች። ቆምኩ።

ይህን ድምፅ ዐውቀዋለሁ።
አራት ኪሎ፣ ማተሚያ ቤት፣ ሠላሳ አንድ ዓመት፣
ፊደል ለቃሚ ነበርኩ፤ ከእርሳስ ጋር ስከራከር፣ ስሟገት፣
ጣቶቼ ጠቁረው፣ ሃሌታውን ከሐመሩ፣
እሳቱን ከንጉሡ ለይተው ሲያድሩ፤
የማረሚያውን ማተሚያ እጀታ ስስበው፣
ቀጭ ቋ ነበረ እሱም የሚለው።
እርሳስ ያው እርሳስ ነው፤ ያኔ ቃል ያወጣ፣
ዛሬ በግንባሩ ጣሳ ሊመታ መጣ።

«ይቺ ደካማ ናት» አለኝ ደግፌ፣ ሥቆ።
ደካማ መሆኗ ነው የጠቀመኝ እኮ፦
አፏ አይነሣ፣ ትከሻ አትገፋ፣
ዓይኔ ከዒላማው ለአፍታም ሳይጠፋ
ሁለተኛው እርሳስ ከአፏ ይደርሳል፤
ጉልበት የሚመርጥ ሰው ሁለተኛውን ይረሳል።

ቢራራ፣ የታክሲው ረዳት፣ ቀድሞኝ ተኩሶ፣
በሠላሳ ሰከንድ ዐሥሩንም ጨርሶ፣
ባርኔጣውን አንሥቶ ለሕዝቡ እጅ ነሣ።
ተራዬ። ቀጭ ቋ። አንድ ጣሳ።
ቀጭ ቋ። ሌላ ጣሳ።
ዘጠኙ ወደቀ በሃያ አራት ሰከንድ፣
ደግፌ በሐሳቡ ጠቦቱን ሲያርድ።

ዐሥረኛዋ ጣሳ የሰርዲን ነበረች፤
በወረቀቷ ላይ፣ ደምቃ፣ «ምርጥ አሳ» ትላለች።
አሳ!
በአልፋው አ! በእሳቱ ሰ!
ማን ለቀመው ይህን? ማን አርሞ አሳለፈ?
ሠላሳ አንድ ዓመቴ በአንድ ጣሳ ተገደፈ።
ሆዷን መምታት ነበር፣ ከመሐል፣ እንድትወድቅ፤
አፈሙዜ ግን ፈቅ አለች፣ ፈቅ፣
ደግሞ ፈቅ፣
ወደ ፊደሏ።
ቀጭ ቋ።

ጣሳዋ ቆማ ቀረች። ምንተስኖት ጮኸ፦ «ስቷል!»
ደግፌ በሐሳቡ ቢላዋውን ከትቷል፤
ጠቦቱም ከቢራራ ጋር ታክሲ ውስጥ ገብቷል።

ቀርቤ አየሁት።
አልሳትኩም። አልፋዋ ከነበረችበት፣
ክብ ቀዳዳ ተቀምጧል፣ ፀሐይ የሚያይበት፦
ዓይኑ ዐ።
እግር ብቻ ነው የጎደላት፣
ራብዕ እንድትሆን፣ ከታች የምትቆምባት።

«ምንተስኖት» አልኩት፣ «ጥቂት እርሳስ ብትሸጥልኝ?»
«ውድድሩ አልቋል፣ አባባ» ብሎ መለሰልኝ።
አልቋል፣ ዐውቃለሁ። ግን እግሯ አለ፤ ደግሞም ንጉሡ ሣ፤
አራት እርሳስ ይበቃል፣
እጄ ካልረሳ።